ከሀዋሳ ተነስቶ አግሪቢዝነስና የምግብ ሥርዓትን በውጭ አገር ለመማር፦ ከ11ኛ ክፍል እስከ መጀመሪያው ሴሚስተር

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሀዋሳና በዙሪያዋ ለሚማሩ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ እንዲሁም ልጃቸውን በዚህ ሙያ ለማስተማር ለሚያስቡ ወላጆች ነው። የምትኖሩት ቡናው፣ ዓሣው፣ እንሰቱና አቮካዶው ከማሳና ከሐይቅ ተነስተው ወደ ገበያ በሚተላለፉበት ከተማ ነው። ይህን ሰንሰለት በዓይኑ ያየና የመዘገበ ተማሪ የትምህርት ክፍል ሲመርጥ፣ የማመልከቻ ድርሰት ሲጽፍና ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቀርብ የሚናገረው ነገር አለው። ስለዚህ ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት የምትሠሩት ሥራ አለ፤ እኔም ብዙውን ቦታ የሰጠሁት ለእሱ ነው።

ትምህርቱ ምን እንደሆነ ለዩ

አግሪቢዝነስ ዘርና ማዳበሪያ ከሚገዛበት ሰዓት ጀምሮ ምርቱ ሸማቹ እጅ እስኪገባ ድረስ ያለውን የንግድ ሥራ ይመለከታል። ሒሳብ አያያዝ፣ ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ግብይት፣ የአቅርቦት ሰንሰለት፣ የዋጋ ትንተና፣ የግብርና ፋይናንስና የግብርና ፖሊሲ ዋና ዋና ኮርሶቹ ናቸው። የምግብ ሥርዓት የሚባለው ከዚህ ሰፋ ይላል፤ ሥነ ምግብን፣ የአካባቢ ጥበቃን፣ የምርት ብክነትን፣ የከተሞችን የምግብ አቅርቦትና ሕጉን አንድ ላይ ያያል። የምግብ ሳይንስ ደግሞ ኬሚስትሪና ማይክሮባዮሎጂ የሚበዛበት የቤተ ሙከራ ትምህርት ነው። አግሮኖሚ ስለ ሰብሉና ስለ አፈሩ ነው።

ልዩነቱን አስቀድሞ ማወቅ ጊዜ ያተርፋል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ከሆናችሁ አግሪቢዝነስ፣ የግብርና ኢኮኖሚክስና አንዳንድ የምግብ ሥርዓት ፕሮግራሞች ክፍት ናቸው፤ የምግብ ቴክኖሎጂ ግን ብዙውን ጊዜ ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርቶችን በቅድሚያ ይጠይቃል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በሁሉም በር መግባት ይችላል። በየትኛውም ዘርፍ ብትሆኑ ሒሳብን አትልቀቁ፤ የዋጋ ትንተናና ስታቲስቲክስ ያለ ሒሳብ አይገፉም።

በአካባቢያችሁ ያለውን አንድ ምርት አጥኑ

አንድ ምርት ምረጡ፤ ከአንድ በላይ አትያዙ። ከዚያ ምርቱ ከሚገኝበት ቦታ ተነስታችሁ እስከ መጨረሻው ገዢ ድረስ በእግር ተከተሉት። ደብተር ያዙ፤ በእያንዳንዱ እጅ ላይ ስንት ተገዛ፣ ስንት ተሸጠ፣ ምን ያህል ተበላሸ፣ ቢከስር የሚከስረው ማን ነው የሚሉትን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ።

ቡናን ከመረጣችሁ በመኸር ወራት ወደ አለታ ወንዶ፣ ዳሌ ወይም በንሳ ሄዳችሁ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተመልከቱ። ገበሬው ከሰዓት በኋላ ቀይ እሸቱን በጆንያ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት አረንጓዴውና የተጎዳው ፍሬ ይለቀማል። ከዚያ ወደ ውኃ ይገባል፤ የተንሳፈፈው ይገለላል፤ የሰመጠው ወደ መፈልፈያው ያልፋል፤ በገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ሴቶች በአልጋው ዳርና ዳር ቆመው እንከን ያለበትን ፍሬ እየነቀሱ ያወጣሉ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ የሚሆን እሸት ይጠይቃል። እዚያ ቆማችሁ የዕለቱን የእሸት ዋጋ ማን እንደወሰነው፣ አቅራቢው ገበሬውን የሚከፍልበትን ገንዘብ ከየት እንዳገኘ፣ የገበሬዎቹ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበርና የእነዚህ ማኅበራት ስብስብ የሆነው ዩኒየን ከግል አቅራቢው በምን እንደሚለዩ ጠይቁ። የሲዳማ ቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከተቋቋመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሀዋሳ የቡና ደረጃ ከሚወጣባቸው ማዕከላት አንዷ ናት። እነዚህ ሁሉ ያላችሁበት ቦታ ላይ ሆነው የሚጠብቋችሁ መማሪያዎች ናቸው።

እግራችሁ ለመሄድ ካልቻለ የሐይቁ ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ቅርብ ነው። ቆሮሶው (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ከጀልባ ሲወርድ ያለውን ዋጋ፣ ቆዳው ተገፎ ሲሸጥ ያለውን ዋጋ፣ በከተማው ምግብ ቤት ለብለብ ሆኖ ሲቀርብ ያለውን ዋጋ ጎን ለጎን ጻፉ። ዓሣው ስንት ሰዓት ያለ በረዶ እንደሚቆይ፣ ሳይሸጥ የዋለው የት እንደሚሄድ ተመልከቱ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሚሻሙበት ትርፍራፊ በትምህርቱ ቋንቋ ተረፈ ምርት ነው፤ ሌላ ቦታ የእንስሳት መኖ ይሆናል፤ እዚህ ለምን እንዳልሆነ መጠየቅ ብቻውን ጥሩ ድርሰት ይወጣዋል። በይርጋለም የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አቮካዶ ወደ ዘይት ሲቀየርም ያው ጥያቄ ይነሳል፦ ፋብሪካው በቂ ፍሬ በተከታታይ እንዲያገኝ የሚያደርገው ምንድን ነው?

እንሰትንም አትናቁ። ቆጮና ቡላ የሲዳማ ገበታ መሠረት ናቸው፤ ተክሉን የሚፍቁት፣ የሚያብላሉትና ገበያ የሚያወጡት ግን በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በውጭ ያለ የቅበላ ሠራተኛ ስለ ቡና ብዙ ማመልከቻ አንብቦ ይሆናል፤ ስለ ቡላ ግብይት ያነበበ ግን ብዙ አይመስለኝም።

ደብተራችሁ ውስጥ አንድ የፖሊሲ ጉዳይ ጨምሩ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን ለመከላከል ያወጣው ሕግ ቡናን ያጠቃልላል፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ አውሮፓ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ነጥብ በመረጃ ማቅረብንም ይጠይቃል። ሕጉ ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ሩብ ሄክታር ቡና በጓሮው ያለው ገበሬ ይህን መረጃ እንዴት ያቀርባል፣ ወጪውን ማን ይሸከማል? ይህን ጥያቄ በራሳችሁ ወረዳ ምሳሌ የጻፋችሁ እንደሆነ፣ የምታመለክቱበት የትምህርት ክፍል የሚጨነቅበትን ጉዳይ ነክታችኋል።

ፕሮግራሙን በኮርስ ዝርዝሩ ምረጡ

የዩኒቨርሲቲውን ደረጃ ትታችሁ የአራቱን ዓመት የኮርስ ዝርዝር አውርዱ። ከደብተራችሁ ጥያቄዎች ጋር አስተያዩት። ጥያቄያችሁ ስለ ዋጋና ስለ ብድር ከሆነ ኢኮኖሚክስና ፋይናንስ የሚበዛበትን፣ ስለ ብክነትና ስለ ማቀነባበር ከሆነ ምግብ ሳይንስ የተቀላቀለበትን ፈልጉ።

በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዳይሰን ትምህርት ቤት ተግባራዊ ኢኮኖሚክስና ማኔጅመንትን ያስተምራል፤ ሥሩ በግብርና ኮሌጁ ውስጥ ነው፤ ይዘቱ ግን ወደ ንግድ ያደላል፤ ፉክክሩም ከባድ ነው። ፐርዱን የመሳሰሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በግብርና ኢኮኖሚክስ ጠንካራ ናቸው፤ ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት የገንዘብ ድጋፍ ግን ውሱን ነው። በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ የምግብና የግብርና ንግድ ዲግሪ አለው። በእንግሊዝ ሃርፐር አዳምስ ተማሪው ለአንድ ዓመት ድርጅት ውስጥ እየሠራ የሚማርበትን ጊዜ በዲግሪው ውስጥ አካቷል። በኮስታ ሪካ የሚገኘው ኧርዝ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ የጀመረ ሲሆን ተማሪዎቹ በእርሻ ላይ ይሠራሉ፣ በቡድን ሆነው አነስተኛ ድርጅት ያቋቁማሉ፤ ከአፍሪካም ተማሪ ይቀበላል፤ ትምህርቱ በስፓኒሽ ነው። በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የምግብ ሳይንስ ፋኩልቲ አግሪቢዝነስን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል።

ጎረቤቶቻችንንም አስቡ። የኡጋንዳው ማካሬሬና የኬንያው ኤገርተን ዩኒቨርሲቲዎች በአግሪቢዝነስ ማኔጅመንት ዲግሪ ይሰጣሉ። ወጪያቸው ከአውሮፓና ከአሜሪካ እጅግ ያነሰ ነው፤ የሚያስተምሩበት ምሳሌም፣ አነስተኛ ማሳ፣ ኅብረት ሥራ፣ ደላላ፣ ዝናብ ላይ የተመሠረተ እርሻ፣ ከሲዳማ ገበሬ ሕይወት ብዙም አይርቅም። ከሩቁ ዩኒቨርሲቲ ያነሰ ክብር እንዳለው አድርጎ ማየት አይገባም።

ገንዘቡን ከማመልከቻው በፊት አስሉ

የነፃ ትምህርት ዕድል ከሌለ ወጪው ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቻል አይደለም። ለማነጻጸር ያህል፣ ጀርመን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ብዙ ቦታ የትምህርት ክፍያ ባታስከፍልም፣ ለቪዛ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) እንዲቀመጥ የምትጠይቀው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በዓመት 11,904 ዩሮ ነበር፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞቿም በአብዛኛው በጀርመንኛ ናቸው።

ሙሉ ድጋፍ ከሚሰጡት መካከል የቱርክ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል የትምህርት ክፍያን፣ ማደሪያን፣ የጤና መድንን፣ ወርሃዊ ድጎማን፣ የደርሶ መልስ ትኬትንና የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርትን ይሸፍናል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 ዓመት በታች፣ ውጤት ደግሞ ቢያንስ 70 በመቶ ይጠይቃል። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል፤ ወርሃዊ ድጎማው ግን ለኑሮ ብቻውን አይበቃም፤ ቤተሰብ የሚጨምረው ነገር እንዳለ ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። የሃንጋሪ የግብርናና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ጎዶሎ በምትባል ከተማ ነው፤ በዓመቱ ለኢትዮጵያውያን የተከፈተው የትምህርት ደረጃ የትኛው እንደሆነ በጥሪው ላይ አረጋግጡ፤ ተማሪዎችን ለሚያጨው የኢትዮጵያ ተቋምም ለሃንጋሪው የኢንተርኔት ማመልከቻ መድረክም ለየብቻ ማመልከት ያስፈልጋል። የጃፓን መንግሥት ዕድል አንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርትን ጨምሮ አምስት ዓመት ነው፤ በኤምባሲ በኩል ፈተና አለው። የቻይና መንግሥት ዕድል ለመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው በቻይንኛ የሚሰጥ ሲሆን አንድ ዓመት የቋንቋ ዝግጅት ይቀድመዋል። ቻይና የሰሊጣችን ትልቅ ገዢ ናት፤ ቋንቋዋን የሚናገር የግብርና ንግድ ባለሙያ ሥራ አያጣም ብዬ አምናለሁ።

በአሜሪካ ኬንታኪ የሚገኘው ቤሪያ ኮሌጅ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ሁሉም ተማሪ በግቢው ይሠራል፤ የራሱ እርሻና የግብርና ትምህርት ክፍል አለው፤ በየዓመቱ የሚቀበላቸው የውጭ ተማሪዎች ግን ጥቂት ናቸው። አቅም ለሌለው ቤተሰብ ልጅ እኔ የምመክረው ሁለት የመንግሥት ዕድሎች፣ ቤሪያን የመሰለ አንድ ኮሌጅና አንድ የጎረቤት አገር ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት ማመልከት ነው።

የቱርክና የሃንጋሪ መንግሥታት ዕድሎች የማመልከቻ ክፍያ የላቸውም። «ሙሉ ስኮላርሺፕ በእጄ አለ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ በግል ሒሳቡ እንዲገባለት የሚጠይቅ ሰው ቢያጋጥማችሁ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ አትክፈሉ። በአዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል የሚሰጠው የኤጁኬሽን ዩኤስኤ ምክር ነፃ ነው።

የጊዜ ሰሌዳውን ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ጋር አስታርቁ

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በመስከረም ወይም ከዚያ በኋላ ነው፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በነሐሴ ትምህርት ይጀምራሉ። ስለዚህ አንድ ዓመት ያልፋል ብላችሁ አቅዱ፤ ይህ ውድቀት አይደለም።

በዚያ ዓመት ወደ አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ መግባት ወይም አለመግባት ከባድ ውሳኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ኮርስ ከወሰዳችሁ ብዙ የአሜሪካ ተቋማት እንደ ተዛዋሪ ተማሪ ያይዋችኋል፤ ለተዛዋሪ የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ደግሞ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል የተገኘን ምደባ መልቀቅ አደጋ አለው። የምታመለክቱበትን ተቋም በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ሳትይዙ አትወስኑ።

በኢትዮጵያ ወራት ሲቆጠር ዓመቱ በግምት እንዲህ ይሄዳል፦ ኮመን አፕ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች የጋራ ማመልከቻ በሐምሌ መጨረሻ ይከፈታል፤ ቀደምት ማመልከቻዎች በጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ፣ መደበኞቹ በታኅሣሥ መጨረሻ ይዘጋሉ። የሃንጋሪው በጥር መጀመሪያ ይዘጋል። የቱርኩ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ክፍት ነው። የጃፓኑ ጥሪ በግንቦትና በሰኔ ይወጣል። ሰዓቱንም ልብ በሉ፤ 11፡59 ተብሎ ለሌሊት የተጻፈ የመጨረሻ ሰዓት በአገራችን ሰዓት ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5፡59 ነው፤ ቃለ መጠይቅ ለ2 ሰዓት ከቀትር በኋላ ተቀጠረ ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

ሰነዶችን አንድ ዓይነት አድርጉ

ፓስፖርት ቀድማችሁ አውጡ፤ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በሀዋሳ ቅርንጫፍ አለው፤ የፋይዳ መታወቂያ ይያዙ። ከሁሉ በላይ የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተል፣ የትውልድ ቀን በፓስፖርት፣ በልደት ምስክር ወረቀት፣ በትራንስክሪፕትና በፈተና ምዝገባ ላይ በፊደል ሳይለይ መመሳሰል አለበት። የትውልድ ቀን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲቀየር አንዱ ቢሮ አንድ ቀን ያዛንፋል፤ ሌላው ሰባትና ስምንት ዓመትን ያምታታል። ልዩነት ካለ አሁን አስተካክሉ፤ ቪዛ ላይ ሲደረስ ማስረዳት አድካሚ ነው።

የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት በእንግሊዝኛ፣ ማኅተም ያለበት፣ ከአንድ ቅጂ በላይ አስወጡ። የብሔራዊ ፈተናው ምስክር ወረቀት ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት የሚገኝ ነው። አንዳንድ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና የኤምባሲያቸውን ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፤ ይህ አዲስ አበባ መመላለስን ስለሚጠይቅ ሰነዶቹን አጠራቅሞ በአንድ ጉዞ መጨረስ ይሻላል።

አንድ ነገር በትምህርት ቤታችሁ አማካሪ በኩል አስጽፉ። በብሔራዊ ፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የማያውቅ የቅበላ ሠራተኛ 62 በመቶን ደካማ ውጤት አድርጎ ያነበዋል። ትምህርት ቤቱ ስለ ራሱና ስለ ፈተናው በሚልከው አንድ ገጽ መግለጫ ላይ እነዚህ ቁጥሮች ይግቡ። ይህችን አንድ ገጽ ከማንኛውም ሌላ ወረቀት አስበልጬ አያታለሁ።

የእንግሊዝኛ ፈተና

አይኤልትስና ቶፍል አዲስ አበባ ይሰጣሉ። ዱኦሊንጎ ግን በቤት ውስጥ በኮምፒውተር ይወሰዳል፤ ዋጋው ያነሰ ነው፤ ውጤቱ በቀናት ውስጥ ይደርሳል፤ የምታመለክቱበት ተቋም መቀበሉን ብቻ አረጋግጡ። መብራትና ኢንተርኔት ቢቋረጥ ፈተናው ስለሚበላሽ የተሞላ ላፕቶፕና የስልክ መጠባበቂያ ኢንተርኔት አዘጋጁ፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳይገባ ቤተሰብን አስጠንቅቁ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚፈጸም ባንካችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የፈተናዎቹ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ በ10ኛ ክፍል መውሰድ ጥቅም የለውም።

ድርሰትና የድጋፍ ደብዳቤ

«ኢትዮጵያ በግብርና ላይ የተመሠረተች አገር ናት» ብሎ የሚጀምር ድርሰት ሌላው አመልካችም ይጽፈዋል። የእናንተ ደብተር ግን ሌላ ሰው ዘንድ የለም። ከደብተሩ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ አንድ ዋጋ አውጡ፤ ምን እንዳልገባችሁ ጻፉ፤ ያን ለመረዳት የትኛው ኮርስ እንደሚያስፈልጋችሁ ከዩኒቨርሲቲው ዝርዝር ጠቅሱ። ያነጋገራችሁትን ሰው ስም ያለ ፈቃዱ አትጥቀሱ። ድርሰቱን ሌላ ሰው እንዲጽፍላችሁ አትፍቀዱ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ይታወቃል።

መምህራኖቻችሁ ብዙ ጊዜ የድጋፍ ደብዳቤ የመጻፍ ልማድ የላቸውም፤ ስለዚህ ቀለል አድርጉላቸው። ከወር በፊት ጠይቁ። በክፍል ያደረጋችሁትን፣ የሠራችሁትን ጥናት፣ የምታመለክቱበትን ቦታና ቀነ ገደቡን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው። ተቋማት ደብዳቤው ከመምህሩ በቀጥታ እንዲላክ ይፈልጋሉና የመምህሩን ኢሜይል በትክክል አስገቡ፤ ከገባም በኋላ በትሕትና አስታውሱ። ኬሚስትሪ ወይም ሒሳብ መምህር፣ እንግሊዝኛ መምህርና ከተቻለ ያጠናችሁበት ማኅበር ኃላፊ ጥሩ ጥምረት ናቸው።

ከተቀበሏችሁ በኋላ

የቅበላውን ደብዳቤ በእርጋታ አንብቡ፤ «ተቀብለናችኋል» ማለት «ከፍለንላችኋል» ማለት አይደለም። የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የጤና መድን፣ የአውሮፕላን ትኬት እያንዳንዱ በማን እንደሚሸፈን በሠንጠረዥ ጻፉ። ለአሜሪካ ቪዛ ዩኒቨርሲቲው አይ-20 የሚባለውን ቅጽ ይልካል፤ ከዚያ ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት 350 ዶላር ይከፈላል፤ የቪዛ ማመልከቻው ክፍያ ለብቻው ነው። የቪዛ ደንቦች ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጡ የኤምባሲውን ገጽ በየሳምንቱ ተመልከቱ። ቤተሰብ የሚከፍለው ካለ ባንኮች የቅበላ ደብዳቤና የክፍያ መጠየቂያ አይተው ነው ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያስተላልፉት፤ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተለወጠ ወዲህ የብር ዋጋ ስለሚዋዥቅ ከተሰላው በላይ መጠባበቂያ ያዙ።

ለአሜሪካ የምትሄዱ ከሆነ በትምህርት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል፤ ከግቢ ውጭ ለሚሠራ የሙያ ልምምድ ግን በመጀመሪያ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መጨረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር ስታቲስቲክስና ማይክሮ ኢኮኖሚክስን ተመዝገቡ፤ የሁለተኛው ዓመት ልምምድ ማመልከቻ ብዙ ቦታ በጥቅምትና በኅዳር ስለሚከፈት የደብተራችሁን ጥናት በሁለት ገጽ እንግሊዝኛ አዘጋጅታችሁ ለአማካሪ መምህራችሁ አሳዩ።